የተበደለው ሽማግሌ ሲልክ

ሁለት ተናጋሪዎች ናቸው። አንደኛው በዞብል ተራራ ግርጌ በአንድ የገጠር ደብር የሚያገለግሉ፣ በሽምግልናም አገር የሚያውቃቸው ቄስ ናቸው። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ሕግ ተምራ እዚያው ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ገብታለች፤ አሁን ቤተሰብ ልትጠይቅ ቆቦ መጥታለች። ሰዎቹን የፈጠራቸው ጸሐፊው ነው። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን ፈጠራ አይደለም። ማሽላው እሸት ይዟል፤ ሙቀቱ ገና አልበረደም።

ልጅት፦ አያ፣ ከሰው እንዳይሰሙት ብዬ ቀድሜ ልንገርዎ። በገበያው ቀን ከአዲስ አበባ አብረውኝ ከመጡት ልጆች ጋር ወጥተን ወንጌል ልንናገር ነው። ድምፅ ማጉያም ይዘናል።

አጎት፦ ምን ልትሉ?

ልጅት፦ ከእግዚአብሔር ጋር ታረቁ።

አጎት፦ ደግ ነገር። ማን ላካችሁ?

ልጅት፦ ጌታ ነዋ!

አጎት፦ አትቆጪ። ሽማግሌም ከሰው ደጅ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ሳይላክ የሄደ ሰው ሽማግሌ አይባልም፤ ነገር አነፍናፊ ነው የሚባል። ቀጥሎ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ይላሉ። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም።

ልጅት፦ ይሣቁብኝ እንግዲህ። ጳውሎስም አደባባይ ቆሟል። እግዚአብሔር ዓለሙን በክርስቶስ ከራሱ ጋር እንዳስታረቀ፣ የማስታረቁንም ነገር ለእኛ አደራ እንደሰጠን ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው እሱ ነው፤ ሁለተኛው መልእክት፣ ምዕራፍ 5።

አጎት፦ ስንቴ አስተምሬበታለሁ። ሥጋና ደም ለብሶ የታየኝ ግን ከጉባኤ ቤት አይደለም፤ ደም ስናደርቅ ነው። አንቺ ደም ሲደርቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ልጅት፦ በልጅነቴ፣ ከሩቅ። ሴት አታስቀርቡም።

አጎት፦ እሱን ቂም ይዘሽበታል፤ እንመለስበታለን። አሁን ስሚኝ። ሰው የገደለ ሰው አገር ጥሎ ይሸሻል። የቀሩት ዘመዶቹ ገበያ መውጣት፣ ከብት ውኃ ማውረድ ይፈራሉ፤ ደሙ ከነሱ አንዱ ላይ ሊወርድ ይችላላ። ስለዚህ ሽማግሌ የሚለምነው የገዳይ ወገን ነው። እኛ ራያ ቆቦ ዘወልድ የምንላቸው አሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀመጥበት ሽምግልና ነው። እኔ መስቀሌን ይዤ፣ ሼሁ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከሟች ወገን ደጅ እንቆማለን። በመጀመሪያው ቀን ማን ያስገባሻል? የሟች እናት ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፣ ውሻው ይጮኻል፣ እኛ ፀሐይ ላይ ነን። ተመለሱ ይሉናል፤ እንመለሳለን። ደግሞ እንሄዳለን። አንዳንዱ ነገር ዓመት ይፈጃል።

ልጅት፦ ከዚያስ?

አጎት፦ ከዚያማ እሺ ሲሉ ቀን ይቆረጣል። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ካሳው ይነገራል፤ ብቻውን አይችለውም፣ ወገኑ ያዋጣለታል። ይማማላሉ፣ ይመረቃል፣ አንድ ማዕድ ይቆረሳል። አሁን ገልብጪው። ልጁ የተገደለበት አባት ራሱ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ከገዳዩ ደጅ አቁሞ «እባክህ ታረቀኝ» ቢያስብል ቆቦ ምን ይላል?

ልጅት፦ ኀዘን አሳበደው ይላል።

አጎት፦ እሱ የደጎቹ ነው። ሌላውስ?

ልጅት፦ ወጥመድ ነው ይላል። ከተደበቀበት አውጥተው ሊገድሉት ነው።

አጎት፦ በቃ፤ ጳውሎስ ያለው ይኸንኑ ነው። ተበዳዩ ላከ፣ ተበዳዩ ለመነ፣ ካሳውንም ተበዳዩ ከፈለ። በዳይ ከጓዳው ተደብቆ «ወጥመድ ነው» ይላል። አዳም ከገነት ዛፎች መካከል የተሸሸገ ጊዜም ነገሩ ይኸው ነበር፤ ፈልጎ የመጣው ማን ነው?

ልጅት፦ ቆሮንቶሶችም ይኸ ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። ከተማቸውን ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 አፍርሰዋት፣ በ44 ዩልዮስ ቄሣር እንደገና ያስቆረቆራት ናት። በዚያ ዘመን መልእክተኛ የሚልከው ደካማው ከተማ ነው፤ ምሕረት ለመለመን፣ ግብር ለማስቀነስ ወደ ቄሣር ይልካል። ቄሣር ወደ በደለው ከተማ ለማኝ ላከ ቢባል ማን ያምናል?

አጎት፦ ይኸንን አላውቅም ነበር፤ ለስብከት ይሆነኛል። ስለዚህ የመልእክተኛ ሥራው ወጥመድ አለመሆኑን ማሳየት ነው። በአፉ ብቻ አይደለም፣ በአካሄዱም ጭምር። የሚፈራው ሰው የላኪውን ፊት አያይም፤ የሚያየው የተላከውን ፊት ነው።

ልጅት፦ እንግዲህ ካነሱት አይቀር፣ ክርስቶስ አማላጃችን ስለመሆኑ...

አጎት፦ ተይ፣ ተይ። እሱን ከጀመርነው ማሽላው ሳይታጨድ ዓመቱ ይዞርብናል። ዕርቁን በመስቀል ላይ አንድ ጊዜ ፈጽሞታል፤ በዚህ ትስማሚያለሽ?

ልጅት፦ እስማማለሁ።

አጎት፦ እንግዲያው ለዛሬ ይበቃናል።

(ይህ ክርክር በአገራችን ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይነሳል። ሁለት ዘመዳሞች አንስተው ሲተዉት ማየት ብርቅ ስለሆነ ጸሐፊውም አልፎታል።)

ልጅት፦ ወጥመድ ያሉት ግን ቆነጠጠኝ። ወሎ ውስጥ ወንጌል ወጥመድ የሆነበት ጊዜ ነበራ። ቦሩ ሜዳን ማለቴ ነው።

አጎት፦ 1870። ደሴ አጠገብ ነው። አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖቱን ክርክር ዘጉ፤ ቀጥሎ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቆ ራስ ሚካኤል ተባለ፤ ክርስትና አባቱም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ሼህ ጠልሃን የመሰሉት እምቢ ብለው ተነሱ። ሌላው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ከረመ።

ልጅት፦ አንቱ በዚያ ያፍራሉ?

አጎት፦ ንጉሡ ለአገር አንድነት አስበውት ነው የሚል አለ። የንጉሥ ጭንቀት አይጠፋኝም፤ ከምዕራብም ከሰሜንም ጠላት የከበበው ሰው ነው። ግን አዋጅ ሌላ፣ ዕርቅ ሌላ። ሽማግሌ ጦር ይዞ ከደጅ ከቆመ በሩ ይከፈትለታል፤ የተከፈተለት ግን ጦሩ ነው። እዚህ ቆላ ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር አብሬ ደጅ የምጠና ሰው ነኝና ያ ነገር የመቶ ዓመት ታሪክ ሆኖ አይሰማኝም። ስለ ክርስቶስ ባነሳሁ ቁጥር ከኋላዬ ያ ጦር ይታያቸዋል ብዬ እሠጋለሁ።

ልጅት፦ እኛንስ የሚያሙን በስንዴ አይደል? በእርዳታ ሃይማኖት ያስለውጣሉ እያሉ።

አጎት፦ ስንዴም ጦር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በ1977 ድርቅ ልጅ ዲያቆን ነበርሁ። ቢቢሲ በጥቅምት ወር የኮረምን ሕዝብ ለዓለም ያሳየ ጊዜ እኛም ከዚህ ቆላ ወደዚያው ወጥተን ነበር። ካቶሊኩም፣ ሉተራኑም፣ ሌላውም በየስሙ እህል ያከፋፍላል። እኔ በቆምሁበት ሰልፍ ማንም ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። ብጠየቅ ኖሮ እውነቱን ልንገርሽ፣ ርቦኝ ነበርና ምን እንደምል አላውቅም። ስላልጠየቁኝ ነው እስከዛሬ በደግ የማነሳቸው።

ልጅት፦ እሺ፣ ጦሩንም ስንዴውንም እናስቀምጠው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ቆቦ ገበያ ላይ ቆሜ «ታረቁ» ስል ማን ነው የሚሰማኝ? ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ወንድሟ የተገደለባት ሴት ትሰማኛለች። የትግራይ ኃይሎች የዚያን ቀን ያልታጠቁ ነዋሪዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ባወጣው ሪፖርት ጽፎታል። ከዚያ በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ ከተማዋ እንደገና ተያዘች። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በሌላ ጦርነት ተኩስ ተመለሰ። ለዚህች ሴት ስለ ዕርቅ የምናገረው ምን አፍ ኖሮኝ ነው?

አጎት፦ እሷን እኮ ከማን ጋር ታረቂ ልትያት ነው? ገዳዩን አታውቀውም። በእኛ ሽምግልና ገዳይ ስም አለው፣ የአባቱ አጥር ይታወቃል። በዚያ ቀን የተኮሰው ልጅ የት እንዳለ፣ ይኑር ይሙት፣ ማን ያውቃል? ሽማግሌ የሚልክ ወገን የለም። ማዶም እንዲሁ የሚያለቅሱ እናቶች አሉ፤ የእነሱንም ልጆች የገደለ ሰው ስም የለውም። ዋጃንና አላማጣን እኛ በጋብቻ ነው የምናውቃቸው። የኔ የክርስትና ልጆች አሉበት።

ልጅት፦ ታዲያ ዝም ይባል?

አጎት፦ ዝም አልልም። ግን በመጀመሪያ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅና ገዳይን ይቅር ማለት በአንድ ትንፋሽ አይነገሯትም። ጊዜው የእሷ ነው። አንዳንድ ሰባኪ ለቅሶ ቤት ገብቶ በሦስተኛው ቀን «ይቅር በይ» ይላል። ይኸ የገዳይን ሸክም ከገዳይ አንሥቶ በተበዳይ ላይ መጫን ነው። ድንጋዩን ማን ነበር የሚሸከመው?

ልጅት፦ ገዳዩ።

አጎት፦ ታዲያ እሷን ለምን እናሸክማት? ወንጌሉ ደሙን አልዘለለውም። ደም ፈሰሰ፣ ካሳ ተከፈለ ነው የሚለው። «ምንም አልሆነም» የሚል ዕርቅ በራያም የለም፣ በጎልጎታም የለም። ዘኬዎስን እይው፤ ጌታ ከቤቱ ሲገባለት በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ማንም ሳያስገድደው። እኔም ንስሐ ሊገባ የመጣን ሰው የሰረቅኸውን መልስ እለዋለሁ፤ ሳይመልስ ስግደት ብቻ ቢቆጥር ምን ይረባዋል?

ልጅት፦ በእኛም ሕግ እንደዚያው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነፍስ ማጥፋት የመንግሥት ክስ ነው፤ ሽማግሌ ቢያስታርቅም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። ዕርቁ ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ፍርዱን አያስቀርም። በአገር ደረጃም ተሞክሮ ነበር፤ በ2011 በአዋጅ የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቁሞ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ሰብሳቢ ነበሩ። ገና ሥራውን ሳይጀምረው በሚባል ሁኔታ ጦርነቱ መጣ፤ ዘመኑም አልቆ አልታደሰለትም።

አጎት፦ ጥሩ ሽማግሌዎች ነበሩበት። ግን ገዳይና ተገዳይ ገና ሲተኳኮሱ ማዕድ አይቀርብም። ከሱ ይልቅ እኔን ያመመኝ የቤታችን ነው።

ልጅት፦ የሲኖዶሱ?

አጎት፦ በሐምሌ 2010 አሜሪካን አገር፣ ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ፣ አቡነ መርቆሬዎስም ከሃያ ዓመት በላይ ተሰደው ሲመለሱ እዚህ ቆላ ሳይቀር ደወል ደውለናል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የትግራይ አባቶች ተለዩ፤ «ስንታረድ ቤተ ክርስቲያን ዝም አለችን» አሉ። በሐምሌ 2015 ፓትርያርኩ ልዑካን አስከትለው፣ ሲኖዶሱም ይቅርታ ብሎ፣ መቐለ ወረዱ። የትግራይ አባቶች ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

ልጅት፦ አቡነ ማትያስ ራሳቸው የትግራይ ተወላጅ አይደሉ? በ2013 ስለ ጦርነቱ በቪዲዮ ተናግረዋል እኮ።

አጎት፦ ተናግረዋል፤ እሳቸውስ ብቻቸውን ተናገሩ። የከሰሱት ጉባኤውን ነው። እንግዲህ እኔ የገጠር ቄስ ነኝ፤ የጳጳሳት ነገር ላይ መፍረድ አይገባኝም። ግን በሽማግሌነቴ የማውቀው ነገር አለ፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለዕርቅ ቢመጣ በር ይዘጋበታል። ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን። እኛ የሟች ደጅ ከመቆማችን በፊት ቀብር ላይ ነበርን፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፣ ንፍሮ ቀምሰናል። ያን ያላደረገ ሽማግሌ አፉ ማር ቢሆን አይሰማም።

ልጅት፦ እግዚአብሔርም ለቅሶውን ደርሷል ማለትዎ ነው።

አጎት፦ አንቺ አልሽው። ሥጋ ለበሰ፣ ከአልዓዛር መቃብር ቆሞ አለቀሰ፤ ታረቁኝ ያለን ከዚህ በኋላ ነው። ከሰማይ ድምፅ አጉልቶ ቢናገር ይችል አልነበር?

ልጅት፦ ድምፅ ማጉያዬን አልማሩልኝም።

አጎት፦ አልማርሁትም።

ልጅት፦ እንግዲያው እኔም አልምርዎትም። የሽምግልናውን ደግ ደጉን ነው የነገሩኝ። እኔ በሥራዬ የማየው ሌላም አለ። ልጅቱ ተደፍራ ሽማግሌ ገብቶ ለደፈራት ድሯት ነገሩ «አለቀ» ይባላል። በአንዳንድ አገር ደም ለማድረቅ ልጃገረድ ትሰጣለች። ተበዳይ እምቢ ሲል «ሽማግሌ ረገጠ» ተብሎ ከዕድር እስከመገለል ይደርሳል። ይኸ ልመና ነው? ይኸም ጦር ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጦር።

አጎት፦ ... እውነት ነው። ተደርጓል።

ልጅት፦ ደግሞ ሌላ። አንቱ ሰውን ከሰው ሲያስታርቁ ስንት ዓመት ሆነዎት፤ ሲመረቅ የእግዚአብሔር ስም ይጠራል። ግን ያንን የነገሩኝን፣ ተበዳዩ ራሱ ላከ የሚለውን፣ ድንጋይ ለተሸከመው ገዳይ ነግረውት ያውቃሉ?

አጎት፦ በዚያ ቀን ሼሁም አብረውኝ ናቸው። በጋራ የቆምንበት ቦታ ላይ የብቻዬን ልስበክ?

ልጅት፦ እዚያ ላይማ አይስበኩ፤ የተስማማችሁበትን ማፍረስ ይሆናል። በኋላስ? ገዳዩ ክርስቲያን ከሆነ፣ ቤቱ ሄደው? ካሳውን ከፍሎ፣ ከሟች ወገን ጋር ማዕድ ቆርሶ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ስንት ሰው አለ? ከሰው ታርቋል፤ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቁን ማን ነገረው? አንቱ እስኪጠይቁዎ ይጠብቃሉ። እኔ ሳይጠይቁኝ እናገራለሁ። መልእክተኛ ሆኖ መልእክቱን ሳይናገር የሚመለስ የት አለ?

አጎት፦ አንድ ሁለት አሉ እንደዚያ ያሉ። አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ታቦት ሲወጣ እንኳን ከቅጥር ውጭ ነው የሚቆም። ቁርባን ቀርቶ ጠበል አይቀርብም።

ልጅት፦ ታዲያስ?

አጎት፦ ታዲያማ ልክ ነሽ። እሄዳለሁ። ... የሴቷን ነገር እንመለስበታለን ብዬሽ ነበር።

ልጅት፦ አልረሳሁትም። የትንሣኤን ዜና መጀመሪያ ለሐዋርያት ያደረሰችው መግደላዊት ማርያም ናት። ሐዋርያቱ ቅዠት መሰላቸው እንጂ እሷስ ተናግራለች።

አጎት፦ እዚህም ቢሆን ሁለት ወገን ዱላ ሲማዘዝ ነጠላዋን አንጥፋ መካከል የምትገባ ሴት ነበረች፤ ዱላው ሲወርድ ግን ሽምግልናውን ወንዶቹ ይወስዱታል። በዘወልዱ ሴት ትቀመጥ ብዬ ባነሳ ግማሹ ይነሳብኛል። ብቻዬን የምወስነው አይደለም። አነሳዋለሁ፤ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።

ልጅት፦ ማንሣትዎም ቀላል አይደለም። የገበያውን እንዴት ይሉኛል?

አጎት፦ አልከለክልሽም። ብከለክልሽም አትሰሚኝም። ከዳር ቆሜ እሰማለሁ። ስለ ላኪው የዋሸሽ እንደሆነ ግን እዚያው፣ በሰው ፊት ነው የማርምሽ።

ልጅት፦ ምን ብል ነው የዋሸሁት?

አጎት፦ ተቆጥቷል፣ ቶሎ ካልመጣችሁ ያቃጥላችኋል ብለሽ የጀመርሽ እንደሆነ። ፍርድ የለም አላልሁም፤ አለ። ግን ልጁ የሞተበት አባት ታረቀኝ ብሎ የላከው ሽማግሌ ከደጅ ቆሞ ዛቻ የሚያስቀድም ከሆነ ያ የተደበቀ ሰው ይወጣል? ወጥመድ ነው ማለቱ ልክ ነው ያሰኛል።

ልጅት፦ ...

አጎት፦ ምነው ዝም አልሽ?

ልጅት፦ የምንበትነው ወረቀትም አለ። የመጀመሪያው መስመር እሱን ነው የሚለው።

አጎት፦ ስንት አሳተማችሁ?

ልጅት፦ ሁለት ሺህ።

አጎት፦ በይ ልጆቹን ጥሪያቸው፤ እስክሪብቶም ይያዙ።